በልጅ ልጄ ጡት እኔ ታመምኩ

ዓምና እኔ ሳልታመም ታምሜ ነበር። ሚዛን ከተማ ውስጥ ያልሰማ የለም። አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ ግንባሬን በሻሽ ጠፍሬ፣ «ወይኔ፣ ወይኔ» እያልኩ የሰው ሙዝ በልቻለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ሙዙ ግን ጣፋጭ ነበር።

አሁን እውነቱን ልናገር። እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሰው አይደለሁም። እኔ አወራለሁ፣ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። የታመመችውም እሷው ናት። ስለዚህ ማንም ሐሜት ነው እንዳይለኝ፤ የነገሩ ባለቤት ራሷ ቁጭ ብላ እየጻፈችው ምን ሐሜት አለ? ደስ የማይላት ቦታ ላይ ስንደርስ ጣቷ ስልኩ ላይ ቆም ይላል። «ጻፊ እንጂ!» እላታለሁ። ትጽፋለች።

ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ፣ ማለት የኔ ልጅ፣ ቴፒ ነው የምትኖረው፤ እርድና ቁንዶ በርበሬ ትነግዳለች። ልጅቷ ትንሽ እንደሆነች ትምህርቱ እዚህ ይሻላል ተባለና እኔ ጋ ቀረች። አደገች፤ አረብ አገር ሄደች፤ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመለሰችና እዚሁ ሚዛን ፀጉር ቤት ከፈተች። ሹሩባ ስትሠራ ጣቷ አይታይም።

የተመለሰች ቀን መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳት። እቅፍ ሳደርጋት ሁለት ጠንካራ ነገር ደረቴን ገፋ አደረገኝ። እኛ ገበያ የምንውል ሴቶች ውድ ነገር የምንደብቀው የት እንደሆነ ይታወቃል። ወርቅ ይዛ መጣች ብዬ በጆሮዋ፣

«ቤት እስክንገባ እንዳታወጪው፤ እዚህ ሌባ አይጠፋም» አልኳት።

«ምኑን እማማ?»

«ደረትሽ ላይ ያለውን ነዋ!»

ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። «እማማ፣ ጡቴ እኮ ነው።»

«ይሄማ ያንቺ አይደለም። የኛን ቤት ጡት አውቀዋለሁ፤ ሁለት ሎሚ ነው።»

«የአረብ አገር ጡት ማስያዣ ነው በቃ!» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

እኔም ተውኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ «ይሄ የአረብ ጡት ማስያዣ ጉድ ነው፣ አንዱን ለኔም ብታስመጪልኝ፣ ምናልባት ያነሣልኝ ይሆናል» እያልኩ ስቀልድባት ኖርኩ። እሷም ትስቃለች። የሆነ ነገር እንዳለ አልጠፋኝም፤ ግን ልጅ የደበቀችውን ሁሉ መፈልፈል ጥሩ አይደለም። እኔም ከእናቴ የደበቅኩት ነበረኝ።

ነገሩ የወጣው ኅዳር ላይ ነው። ጓሮዬ ጥቂት የቡና እግር አለኝ፤ ቡናው ሲቀላ ሁለታችን ነን የምንለቅመው። ሁልጊዜ እሷ ቅርንጫፉን ወደ ታች ስባ ትይዛለች፣ እኔ እለቅማለሁ። ያን ቀን ግን ቀኝ እጇን አነሣች፣ ግማሽ ላይ ስትደርስ መልሳ አወረደችው።

«እማማ፣ አንቺ ሳቢው፣ እኔ ልልቀም።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ? ለወጣቷ?»

«ሳቢው አልኩሽ!» ብላ ጮኸችብኝ። እሷ እኔ ላይ ጮኻ አታውቅም።

ከዛ ማየት ጀመርኩ። ሹሩባ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ «ዛሬ አልችልም፣ ነገ» ትላለች። ሰፊ ቀሚስ ብቻ ትለብሳለች። ምግብ አትበላም። እኔ ደግሞ ስምንት የወለድኩ ሴት ነኝ፤ ገባኝ አልኩ። ድንች እየላጥን ሳለ፣

«ስንት ወርሽ ነው?» አልኳት።

«የምን?»

«የሱ ነዋ፣ የሚመጣው።»

«እማማ! ወንድ የት አለና!»

«እሱንስ ተይው። ወንድ ሁልጊዜ የት አለ ይባላል፤ ልጁ ግን ይወለዳል።»

በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። ልቅሶ ጀመረች። «ጡቴን ነው ያመመኝ» አለች።

«እሱማ ጡት ወተት ሲቋጥር ያማል። ነይ አሳይኝ።»

አሳየችኝ። ግራው ደህና ነው። ቀኙ ግን ወደ ላይ ወጥቶ፣ አብጦ፣ ስነካው እንዳልበሰለ አቦካዶ ድርቅ ያለ። እኔ በሰፈራችን የምታወቅበት አንድ ሥራ አለኝ፦ የአራስ ጡት ሲያብጥ፣ ወተቱ ሲቋጠር ሰው የሚጠራው እኔን ነው። የኮባ ቅጠል እሳት ላይ ለብ አድርጌ፣ ቅቤ ቀብቼ አሻለሁ። ስንቷ አራስ እጄ ላይ አልቅሳ በማግስቱ ስቃለች መሰላችሁ። ልጅቷ ደግሞ ልታስረዳኝ አፏን ስትከፍት «ዝም በይ፣ እኔ አውቃለሁ» አልኳት። ቅጠሌን አሞቅኩ፣ ቅቤዬን አመጣሁ፣ እጄን ሰብሰብ አድርጌ እንደ ሊጥ ተጫንኩት።

«እማማ በቃ! በቃ! ይፈነዳል!»

«ጡት አይፈነዳም፣ ስንቱን አሽቻለሁ።»

«ይሄ ይፈነዳል! ጡት አይደለም! ሲሊኮን ነው!»

እጄ አየር ላይ ቀረ። ሲሊኮን የሚባል ነገር እኔ የማውቀው ሠራተኛው መስኮት ሲገጥም ዙሪያውን የሚቀባውን ነው።

«የመስኮቱን?»

«የሱ ዘመድ ነው፤ እሱ ራሱ አይደለም» አለችኝ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

ያን ቀን ሁሉንም ነገረችኝ። የምትሠራበት ቤት እመቤት አሠርታ ነበር። ጓደኞቿም አሠሩ። እሷም ሄደች። ከጡት ሥር ይቀድዱና አንድ ከረጢት ያስገባሉ፤ ከረጢቱ ውስጥ እንደ ረጋ ማር የሚወፍር ነገር አለ። ይሄ ነገር ዕድሜ አለው፣ ይቀደዳል፣ ይደርቃል፣ በየጊዜው ይታያል ያላት ሰው የለም። ወረቀት ሰጧት፤ በማታነበው ቋንቋ ነው፤ ፈረመች። በዓመቱ ቀኙ መድረቅ ጀመረ፤ ዝም አለች። አሁን ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ በአንድ በኩል ውሃ እንደያዘ ሆኖ አበጠ። ስልኳ ላይ ስታነብ፣ ከዓመታት በኋላ አንዱ ብቻ እንዲህ ሲያብጥ ካንሰር ሊሆንም ይችላል ይላል።

«ለምን አደረግሽው የኔ ልጅ?» አልኳት፤ ቁጣ አልነበረውም።

«ሰው ቤት ስትኖሪ ሁሉ ነገር የሰው ነው እማማ። የምትተኚበት፣ የምትበዪበት። አንድ የራሴ ነገር ፈለግኩ።»

ቅቤውን ከእጄ ጠረግኩ።

እኔ የፈራሁት ሁለት ነገር ነው። አንዱ እሷ የፈራችው። ሌላውን ለማንም አልተናገርኩም፦ ይሄ እጄ፣ ስንቱን ያዳነ እጄ፣ ከረጢቱን አፈንድቶት ቢሆንስ?

«ተነሺ ሆስፒታል» አልኳት።

«አልሄድም። ካርድ ክፍል ያለችው ደንበኛዬ ናት። ሚዛን በሙሉ እስከ ምሳ ይሰማል። ከዛ ቴፒ ይደርሳል። እናቴ ብትሰማ…» አልጨረሰችውም። እናቷ አረብ አገር ስትሸኛት «እንደሄድሽው ሆነሽ ተመለሺልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» ብላ ነበር። ይሄ ነው ያስፈራት።

እኔ ደግሞ ተንኮል ሲያስፈልግ እግዜር ይሰጠኛል። «እንግዲያው እኔ ልታመም» አልኩ።

«እንዴት?»

«ጡቴን አመመኝ እላለሁ። አንቺ አስታማሚዬ ነሽ፤ የሚያይ ሰው እኔን ነው የሚያየው።»

በማግስቱ ጠዋት ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ላላት ጎረቤቴ ነገርኳት። ይቺ ሴት ወርቅ ልብ አላት፤ አፏ ግን ክዳን የለውም። «ለማንም እንዳትነግሪ፣ ጡቴ ላይ የሆነ ነገር ወጣብኝ» አልኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ገና ቤቴ ሳልገባ የእድሩ ሴቶች ሦስት ሆነው ከኋላዬ መጡ። አንዷ ጤና አዳም፣ አንዷ ፀበል፣ አንዷ ከጌጫ የመጣ ማር ይዛለች። ማሩን ወደ ውስጥ አስገባሁት።

ሆስፒታል ካርዱ በኔ ስም ወጣ። የካርድ ክፍሏ ደንበኛ አቅፋ ሳመችኝ፣ እንባዋም መጣ። ሐኪሟ ጋ ስንገባ በሩን ዘጋሁት።

«እማማ፣ ምንዎን ነው ያመመዎት?»

«እኔ ምንም አልሆንኩም። የታመመችው እሷ ናት።»

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ከልጅ ልጄ ብዙም አትበልጥ። ነገሩን ስትሰማ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘችው። «እማማ፣ የሷን በሽታ በእርስዎ ካርድ መጻፍ አልችልም፤ ነገ ጡትዎን ይቆርጡዎታል» አለችኝ። ምክንያቱን ለማንም ሳትነግር ራሷ ሄዳ በልጅቷ ስም ሌላ ካርድ አስወጣችላት። ቀስ ብላ አየቻት፣ ብብቷን ዳሰሰች፣ በአልትራሳውንድ አየቻት። ውሃ አለ፣ ከረጢቱም በደንብ አይታይም፣ አዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል መታየት አለበት ብላ ሪፈር ጻፈች።

«የተመታ ነገር ነበር? ወድቀሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

ልጅቷ ወደኔ አየች። ልትሸፍነኝ ነው! እኔ ግን ሐኪም ፊት መዋሸት አልወድም፤ ለጎረቤት ሲሆን ነው እንጂ።

«አሽቻታለሁ» አልኩ። «በቅቤ፣ በሙቅ ኮባ። በደንብ አድርጌ።»

«ያፈነዳው እሱ ነው ወይ ካሉኝ፣ አላውቅም እማማ። እዛ ያዩታል። ሁለተኛ ግን እንዳይነኩት።»

ኪሴ ውስጥ እጆቼን ከተትኳቸው።

ቦንጋን አልፈን ጅማ አደርን፣ በማግስቱ አዲስ አበባ ገባን። ሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየን። የሚያያት ሐኪም ሽበታም ሰው ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። እሷን ብቻ አይደለም፣ እኔንም ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ገላ እንግዳ ነገር ሲገባበት ማባረር ካልቻለ ዙሪያውን በጠባሳ ይጠቀልለዋል። አንዳንዱ ሰው ላይ ይሄ ጠባሳ ይወፍርና ይጨመቃል፤ ያኔ ጡቱ ይደርቃል፣ ቅርፁ ይበላሻል፣ ያማል። ከረጢቱ ደግሞ ለዕድሜ ልክ የተሠራ አይደለም። ሲቀደድ እንኳን ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሴትየዋ ምንም ሳታውቅ። ለዚህ ነው ባያምም በየጊዜው መታየት ያለበት።

«ልክ እንደ ቡና ነዋ» አልኩት። «ፍሬው ሲደርቅ ገለፈቱ ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል።»

«አዎ እማማ፣ እንደሱ ነው። እኛ አሁን ማወቅ የምንፈልገው ውስጥ ያለው ውሃ ምን እንደሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም። በጣም ጥቂት ሰው ላይ ግን በዚያ ጠባሳ ላይ የሚነሣ የካንሰር ዓይነት አለ።»

በመርፌ ውሃውን ቀዱት። ቢጫ ነው። ውጤቱ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ተባለ።

እኔ ቀልድ አያልቅብኝም ትላለች እሷ። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን ቀልዴ አፌ ላይ እየደረቀ ነበር። ጠዋት ስትነሣ ፊቷን አያለሁ፤ ሻይ ሳፈላ ጀርባዋን አያለሁ። ስምንት ወልጄ ሦስቱን ቀብሬያለሁ፤ ይቺን ደግሞ እኔ ነኝ ያሳደግኩ። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን፣

«እማማ፣ ለምን አልተቆጣሽኝም?» አለችኝ።

ከንፈሬን ወደ ላይ ገልብጬ ድዴን አሳየኋት። ጥቁር ነው፤ እንደ ቀለም። የትውልድ አገሬ ማጂ እያለሁ፣ በልጅነቴ የተነቀስኩት ነው። አንዲት ሴት ነበረች፣ መርፌዎች አስራ ጥላሸት እየነከረች ትወጋለች። ሦስት ሴቶች ተጋግዘው ያዙኝ። ፊቴ አብጦ ዓይኔ ጠፋ፤ ከወተት በቀር የምውጠው የለም። አብራኝ የተነቀሰች ልጅ በትኩሳት ልትሞት ነበር። እናቴ እንዳልነቀስ ከልክላኝ ነበር፤ ዘመድ ጋ አደርኩ ብዬ ነው ሄጄ የተነቀስኩት።

«ለምን?» አለችኝ።

«ፈገግ ስል አያትሽ እንዲያየኝ ነዋ።»

«አየሽ ታዲያ?»

«የት አይቶ! ዓይኑ ደካማ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን ድድሽ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ ጥርሴ ሲወልቅ ነው።»

ሳቀች። ስትስቅ ደረቷን ይዛ ነው። እኔም ከሷ ጋር ሳቅኩ፤ ከዛ ሻሼን አስተካክል መስዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ሽበታሙ ሐኪም ወረቀቱን ይዞ ኮሪደር ላይ ነው ያገኘን። ቁጭ በሉ እንኳን ሳይለን፣

«ካንሰር የለም» አለ።

እልልታዬን ለቀቅኩት። ያን ያህል አቅም እንዳለኝ እኔም አላውቅም ነበር፤ ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። ዘበኛው እየሮጠ መጣና «እማማ፣ ወሊድ ክፍል በዚያ በኩል ነው፣ እዚህ ዝም በሉ!» አለኝ። «አንተ ምን ታውቃለህ፣ እኛም ዛሬ ወልደናል» አልኩት።

ልጅቷ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሐኪሙም አጠገቧ ተቀመጠ፤ እግዜር ይስጠው። የቀኙ ከረጢት ተቀድዷል፣ ሁለቱንም እናወጣቸዋለን፣ ከነጠባሳው አለ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የያዝኩትን ጥያቄ አሁን አወጣሁት።

«ዶክተር፣ የቀደደው እጄ ነው?»

እጄን አየው። ሁለቱንም መዳፌን ገልብጬ ነው ያሳየሁት፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

«በምስሉ እንዳየሁት ቅዱ የቆየ ነው እማማ፤ እርስዎ ከመንካትዎ በፊት። ሲወጣ ደግሞ እናየዋለን።»

ሲወጣም እንዳለው ሆነ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጠርቶ አሳየኝ። ግራው ከረጢት ደህና ነው፣ ጥርት ያለ። የቀኙ ግን ደፍርሶ፣ ቢጫ ሆኖ፣ እጅ ላይ የሚዝለገለግ ሙጫ። መቀደዱ የቆየ መሆኑን፣ ጠባሳው ይዞት እንጂ ወደ ውጭ ይበተን እንደነበር አስረዳኝ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የሰማሁ፦ እጄ አይደለም። ያን ቀን እንጀራ ሦስት ጊዜ በላሁ።

ስንሸኝ ለልጅቷ፣ «ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሺ። ክንድሽንም ከትከሻሽ በላይ አትስቀዪ» አላት። ለኔ ደግሞ «እርስዎ ይጠብቋታል» አለኝ።

አሁን ጣቷ ቆሟል። ጻፊ!

ሚዛን ስንመለስ ያላሰብኩት ነገር ጠበቀን። ሰው ከሕክምና ሲመለስ ይጠየቃል። የታመመው ደግሞ እኔ ነኝ! አልጋ ላይ ወጣሁ፣ ግንባሬን አሰርኩ። ቤቱ ሞላ። ሁሉም «እንኳን እግዜር ማረሽ» ይላል፤ ሙዝ፣ ወተት፣ የተቀቀለ ጎደሬ ይዞ ይመጣል። የምታስተናግደው ማን ናት? አስታማሚዋ! ከተሰፋች አምስት ቀን ያልሞላት፣ በቀሚሷ ሥር በፋሻ የተጠቀለለች ልጅ።

«ወንበር አምጪ እስቲ የኔ ልጅ።» «ይሄን ጠረጴዛ ገፋ አድርጊው።» «እንዴት ያለች ልጅ ናት፣ አያቷን አስታማ መጣች፣ እግዜር ይባርክሽ፣ ብርጭቆ ጨምሪ።»

እኔ ብርድ ልብስ ሥር ሆኜ በዓይኔ ጥቅሻ እየላክሁላት ነው፤ ተይው፣ አታንሺ እያልኩ። ዓይኔን ያዩ ሴቶች «ወይ፣ ሕመሙ እየጠቀሳት ነው» ይባባላሉ።

ይሄ ሳይበቃኝ እናቷ ከቴፒ መጣች። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም፤ ባለ ሱቋን ማን ያቆማታል? ገና ከበሩ «እናቴ! እናቴ!» እያለች ገባችና እግሬ ላይ ተደፋች። ልጄ ናት፤ ሃምሳ ዓመቷ ነው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «ሳትነግሪኝ! እንደ ባዕድ! ብትሞቺስ?» አለችኝ። አንዷን ከፍርሃት ላድን ብዬ ሌላዋን አስፈርቼ ነበር። ፀጉሯን እየደባበስኩ «አልሞትም፣ ማን ይሞታል» አልኳት።

በዚህ መሃል አንዷ እንግዳ «እጃችንን እንታጠብ እንጂ» አለች። ልጅቷ ወደ ጓዳ ገባች። በበሩ ሳይ ቢጫውን ጄሪካን፣ እስከ አፉ የሞላውን፣ በቀኝ እጇ ይዛ ወደ ላይ ልታነሣው ነው።

የሆነውን እኔ አላስታውስም፤ ሌሎች ናቸው የነገሩኝ። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል በረረ፣ እኔ በሌላ። ሁለት ሰው ዘልዬ፣ በርጩማ ገልብጬ፣ «ጣዪው! ጣዪው አንቺ እብድ! ስፌቱ ይፈታል!» እያልኩ ጓዳ ውስጥ ተገኘሁ። ጄሪካኑን ከእጇ ነጠቅኩት። ውሃው እግራችን ላይ ፈሰሰ።

ዞር ስል ቤቱ በሙሉ ቆሞ ያየኛል። ሻሼ አንገቴ ላይ ወርዷል።

ባለ ሱቋ ቀድማ ተናገረች። «ይቺ ናት የምትሞተው?»

«ፀበሉ ሠራ መሰለኝ» አልኩ።

ማንም አላመነኝም። ልጄ ግን እኔን አይደለም የምታየው። ልጇን ነው። ልጅቷ በግራ እጇ ቀኝ ጎኗን ይዛ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ግድግዳውን ተደግፋለች።

«የምን ስፌት ነው?» አለች ልጄ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ከጩኸቷ ይሄ ያስፈራል። «ማን ነው የተሰፋው?»

እኔ አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀደመችኝ። «እኔ ነኝ እማ። አረብ አገር ጡቴን አስሞልቼ ነበር። ተበላሸ። አወጡልኝ። ካንሰር ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አይደለም። እማማ ምንም አልሆነችም፤ ለኔ ብላ ነው የተኛችው።» በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው። እነዚያ ሁሉ ሴቶች ፊት። እኔ የቀበርኩትን ምሥጢር እሷ ራሷ ቆፍራ አወጣችው።

ከዛ ልጄ ሄዳ የልጇን ቀሚስ አንገት በሁለት ጣት ፈልቀቅ አደረገች፣ ወደ ውስጥ ፋሻውን አየች። መልሳ ዘጋችው። ቀስ ብላ፣ ደረቷን ሳትነካ፣ ራሷን ብቻ ይዛ ሳመቻት። «እንደሄድሽው ሆነሽ ተመለሺልኝ ብዬሽ አልነበር? በቃ፣ አሁን ነው የተመለስሽው» አለቻት። ልጅቷም እንደዚያ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ግን የሚያሳርፍ ልቅሶ ነው፤ ሰው ከባድ ሸክም ከጀርባው ሲያወርድ እንደሚተነፍሰው።

ባለ ሱቋ አፍንጫዋን ጠረገች። «እኔ ለዚህች አሮጊት ወር ሙሉ አልቅሻለሁ» አለች። «ሙዜን መልሺ!»

«ተበልቷል» አልኳት።

ቤቱ ፈነዳ። አንዷ በሳቅ ጎደሬው ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ባለ ሱቋ ወደ ልጅቷ ጠጋ ብላ፣ አፏ ክዳን እንደሌለው ረስታ፣ በሹክሹክታ «ማድያት ማጥፊያ ብለው የሰጡኝን ቅባት ፊቴ ላይ እየቀባሁ ነው፤ ያቃጥለኛል፤ ልተወው?» ስትላት ሁላችን ሰማን። «ተዪው፣ ሐኪም ጋ ሂጂ» አለቻት ልጅቷ። ሄደች፣ ደግሞ አሁን ፊቷ ደህና ነው።

ያን ቀን ሴቶቹ ልጅቷን በክንዷ ደግፈው አልጋዬ ላይ አስተኟት። ወተቱ ወደሷ ዞረ፣ ማሩም ወደሷ ዞረ። ልጄ ራስጌዋ ተቀመጠች። ለኔ ደግሞ ባዶውን ጄሪካን በእጄ አስያዙኝና ወደ ቧንቧው ላኩኝ። ስመለስ ጉልበቴን ክፉኛ ቆረጠመኝ፤ የእውነት ነው፣ ግን ቤት ውስጥ ጉልበቴን አመመኝ ብል ማን ያምነኛል? ውሃውን አስቀምጬ፣ እጄን ታጥቤ፣ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብዬ ስቄ ዋልኩ።